«ሪያሊዝም ብቻውን ይበቃል» ብሎ የተከፈተው ክር

መነሻው

ክሩ (ተከታታይ ውይይቱ) ዓለም አቀፍ ድርጅቶችን የትኛው ንድፈ ሐሳብ ያስረዳል በሚለው ላይ ነው፤ የከፈተው ሰው የመጣው ግን ጥያቄ ይዞ ሳይሆን ፍርድ ይዞ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት፣ ሁሉም ኃያላን ሲፈልጉ የሚያነሷቸው፣ ሳይፈልጉ የሚጥሏቸው መገልገያዎች ናቸው ባይ ነው። ስለዚህ የመንግሥታትን ግንኙነት በኃይል የሚያስረዳው ሪያሊዝም ብቻውን ይበቃል፤ በትብብር ጥቅም የሚያስረዳው ሊበራሊዝምና በሐሳብና በእሴት የሚያስረዳው ኮንስትራክቲቪዝም የመማሪያ ክፍል ጌጦች ናቸው። ሦስት ማስረጃም ደረደረ። ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር እጁን አጣጥፎ ተመለከተ፤ አሜሪካ በ2003 ኢራቅ ስትገባ የጸጥታው ምክር ቤትን ፈቃድ አልጠበቀችም፤ በምክር ቤቱ አንድ ውሳኔ የሚያልፈውም አምስቱም ቋሚ አባላት የድጋፍ ድምፅ ሲሰጡ ብቻ ነው። የሚቃወም ካለ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ ብሎ ጨረሰ። (በክሩ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።)

1ኛ መልስ

ደጋፊ ነው፤ ግን የጠያቂውን ሐሳብ ከጠያቂው በተሻለ አስረዳለት። ሪያሊዝም ድርጅቶች ከንቱ ናቸው አይልም። ከመንግሥታት በላይ ሆኖ የሚዳኝ በሌለበት ዓለም እያንዳንዱ መንግሥት ከራስ በላይ ነፋስ ብሎ ስለሚኖር፣ የአንድ ድርጅት ደንብ በተጻፈበት ጊዜ የነበረውን የኃይል አሰላለፍ ይመስላል ነው የሚለው። ሪያሊስቱ ጆን ሚርሻይመር በ1990ዎቹ አጋማሽ ክርክሩን ያጠበቀው በዚህ መስመር ነው። መልስ ሰጪው ምሳሌ ያደረገው የገንዘብ ድርጅቱን ነበር፤ ኮታን (የአባላትን ድርሻ) የመሰለ ትልቅ ጉዳይ 85 በመቶ ድምፅ ይጠይቃል፣ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ይዛለች። ቬቶ (ውሳኔን ብቻ የመሻር መብት) የሚል ቃል የትም ሳይጻፍ ቬቶ አላት ማለት ነው። በ2010 የጸደቀው የኮታ ማሻሻያ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2016 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ኮንግረስ እሺታ ሲጠበቅ ነበር።

2ኛ መልስ

አጭርና ጨዋ እርማት። አምስቱም የድጋፍ ድምፅ መስጠት አለባቸው የሚለው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርን አንቀጽ 27 ፊደል እንጂ አሠራሩን አያሳይም። ቋሚ አባል ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርግ ውሳኔው አይወድቅም፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ1971 ስለ ናሚቢያ በሰጠው የምክር አስተያየት ይህን ልማድ ተቀብሎታል። ድምፅን በድምፅ የመሻሩ መብት በሥነ ሥርዓት ጉዳዮች ላይም አይሠራም። የሚያስፈልገው ከ15ቱ የ9 አባላት ድጋፍና የቋሚ አባል ተቃውሞ አለመኖር ነው። ጠያቂው ይህን በጸጋ ተቀበለ። እርማቲቱ ትንሽ ትመስላለች፤ ክሩ መጨረሻው ላይ ዞሮ የሚመጣው ግን ወደ እሷ ነው።

3ኛ መልስ

የመንግሥታት ማኅበር ምንም አላደረገም የሚለውን በቀን ቆጥሮ አረመው። ወረራው የጀመረው ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው፤ የማኅበሩ ምክር ቤት በአራት ቀን ውስጥ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አወጀ፤ ማዕቀቡ ኖቬምበር 18 ሥራ ላይ ዋለ። ለኢጣሊያ መሣሪያ መሸጥ፣ ማበደር፣ ከእሷም ሸቀጥ መግዛት ተከለከለ። ቁም ነገሩ የቀረው ላይ ነው። ነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና አረብ ብረት ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች አልተዘጋም። አሜሪካ አባል ስላልነበረች እኛ ነዳጅ ብንከለክል እሷ ትሸጣለች የሚል ስጋት ነበር፤ ብሪታንያና ፈረንሳይም ሙሶሊኒን ገፍተው ለሂትለር መስጠት አልፈለጉም።

እስከዚህ ያለው ለሪያሊስቱ የሚመች ነው። መልስ ሰጪው ግን የደንቡን ቀዳዳም አከለበት። በ1921 የጸደቀ ትርጓሜ ቃል ኪዳኑ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን እያንዳንዱ አባል ለራሱ እንዲወስን ፈቅዶ ነበር፤ ኦስትሪያ፣ ሃንጋሪና አልባኒያም ከማዕቀቡ ውጭ ቀሩ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 39 ጥሰት መኖሩን የመወሰኑን ሥልጣን ለጸጥታው ምክር ቤት ሰጠ፣ በአንቀጽ 25 ደግሞ ውሳኔውን በአባላት ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገ። ጉዳዩ የኃይል ብቻ ቢሆን ኖሮ የቻርተሩ አርቃቂዎች ቀዳዳውን ለመድፈን ባልደከሙ ነበር ሲል ዘጋ። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ጠንካራው መልስ ይህ ነው።

4ኛ መልስ

በሦስተኛው ላይ ተመርኩዞ ጥያቄውን ገለበጠው። ድርጅቱ ባዶ ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ድረስ ሄደው ለምን ተናገሩ? ማዕቀቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሣ፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ኢራቅንም በዚሁ ዐይን አየው። አሜሪካ ፈቃድ አልጠበቀችም ይባል እንጂ በኖቬምበር 2002 ውሳኔ ቁጥር 1441ን በ15 ለ0 አሳልፋለች፣ ለሁለተኛ ውሳኔም ስታግባባ ከርማ ድምፁ እንደማይሞላ ስታይ ነው የተወችው። ያን ሁሉ ድካም ኃይል ብቻውን አያስረዳም፤ የተፈለገው ሕጋዊ ቅቡልነት ነው፣ ቅቡልነትን ደግሞ አንድ መንግሥት ለራሱ ሊሰጥ አይችልም።

5ኛ መልስ

ሊበራሊዝምን የዋህ የሰላም ስብከት አድርገው የሚያዩትን ለማረም የመጣ ነው። ሮበርት ኮሄን በ1984 የጻፈው ከሪያሊዝም ጋር አንድ መነሻ አለው፤ መንግሥታት ራስ ወዳድ ናቸው፣ የበላይ ዳኛም የለም። ልዩነቱ፣ ራስ ወዳዶችም ቢሆኑ መታለልን ስለሚፈሩ ተባብረው ሊያገኙት የሚችሉትን ጥቅም ያጣሉ፤ ድርጅቱ መረጃ በመሰብሰብ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ እንደ አዲስ የመደራደርን ወጪ በመቀነስና ቃሉን የሚያጥፈውን በማጋለጥ ያን ፍርሃት ያቃልላል።

ምሳሌው የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ነው። አባል ካልሆነ አገር ጋር የተከለከሉትን ኬሚካሎች መነገድ አይቻልም፤ ስለዚህ ውጭ መቆም ያስከፍላል። የነፍስ ወከፍ ፍጆታቸው በዓመት ከ0.3 ኪሎግራም በታች የሆነ ታዳጊ አገሮች የ10 ዓመት እፎይታ ተሰጣቸው፤ በ1990 ደግሞ የመሸጋገሪያውን ወጪ የሚሸፍን ፈንድ ተቋቋመ። ቅጣቱም ማባበያውም በደንብ ተለክቶ የገባበት ሰነድ ነው።

ሲበላሽስ? ለዚህ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውን አነሣ። እስከ 1991 ድረስ ተቆጣጣሪዎች በዋናነት የሚያዩት መንግሥት ራሱ ያስመዘገበውን ቁስና ቦታ ነበር። ኢራቅ ሌላውን ሥራ ሳታስመዘግብ አካሄደች፤ ገመናው የተገለጠው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ ነው። በ1997 የወጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ያልተመዘገበ ቦታ የመግባትና ከአካባቢው ናሙና የመውሰድ መብት ሰጠ፤ የሚያስገድደው ግን የፈረመውን ብቻ ነው። መረጃ የሚሰጠው ተቆጣጣሪው ሳይሆን ቁጥጥር የሚደረግበት መንግሥት ራሱ ሲሆን፣ በዚህ ንድፈ ሐሳብ የድርጅቱ ዋና ጥቅም ይጠፋል።

6ኛ መልስ

ሞንትሪያል ቀላል ፈተና ነው አለ። አምራቾቹ ጥቂት ነበሩ፣ ምትክ ኬሚካልም ሊገኝ የሚችል ነበር። በከባድ ጉዳይ ላይ መንግሥታት የሚጠይቁት እኔ ምን አገኛለሁ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቴ ከእኔ ይበልጥ ያገኝ ይሆን የሚለውን ጭምር እንደሆነ ጆሴፍ ግሪኮ በ1988 የጻፈውን አስታወሰ። ጨዋነቱ አልጎደለም፤ የመጨረሻው ጨዋ ተቃውሞ ግን እሱ ነበር።

7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ መልስ

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ቃላት ጠብ ዞረ። ሰባተኛው፣ የዘርፉን ዋና ቃል፣ «አናርኪ»ን፣ ሥርዓተ አልበኝነት ብለን መተርጎማችን ግማሹን ውዥንብር ፈጥሯል አለ፤ አንባቢው ብጥብጥና ዝርፊያ ይታየዋል፣ ቃሉ ግን የበላይ አካል አለመኖርን እንጂ የሥርዓት አለመኖርን አይናገርም። የበላይ አልባነት ይባል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ስምንተኛው ቃሉ አፍ ላይ ይከብዳል ብሎ ካፌዘ በኋላ የራሱን ቅሬታ አመጣ፤ ሬዢም ስንል ሰው አገዛዝ ይመስለዋል፣ እዚህ ግን በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የመንግሥታትን ግምት የሚያገናኙ መርሆች፣ ደንቦችና የውሳኔ ሥርዓቶች ማለት ነው። ድርጅት ደግሞ ጽሕፈት ቤት፣ በጀትና ሠራተኛ ያለው ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው በአንዱ ላይ የቀረበውን ማስረጃ ለሌላው ይጠቀምበታል። ዘጠነኛው በአንድ መስመር ወደ ጉዳያችን እንመለስ አለ። እኔ የስምንተኛውን እርማት ጉዳያችን ነው እላለሁ፤ ጠያቂው ራሱ ሁለቱን አምታትቷል።

10ኛ መልስ

ኮንስትራክቲቪዝምን ያስገባው እሱ ነው፤ የመረጠውም ስለ በጎ እሴቶች መስበክን አይደለም። ማይክል ባርኔትና ማርታ ፊንሞር በ1999 ያሉትን ተከተለ። ድርጅት ቢሮክራሲ ነው፤ ማን ስደተኛ እንደሆነ፣ ምን ቀውስ እንደሚባል የሚመድበው እሱ ስለሆነ ከመንግሥታት ያልተዋሰው የራሱ ኃይል አለው፤ ያው ኃይል ደግሞ ይታመማል፣ ደንቡ ከዓላማው በላይ ይሆናል።

ምሳሌው ሩዋንዳ ነበር። የሰላም አስከባሪው አዛዥ ጄኔራል ዳሌር ጃንዋሪ 11 ቀን 1994 የተደበቀ መሣሪያ ሊወርስ መሆኑን ለኒው ዮርክ አስታወቀ፤ ጽሕፈት ቤቱ ይህ ከተሰጠህ ሥልጣን ውጭ ነው ብሎ ከለከለው፣ መረጃውንም ለፕሬዚዳንቱና ለሦስት ኤምባሲዎች አካፍል አለው። ለጸጥታው ምክር ቤት አባላት በወቅቱ አልደረሰም። እልቂቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ኤፕሪል 21፣ ምክር ቤቱ ወደ 2,500 የሚጠጋውን ኃይል ወደ 270 አወረደው። ሩዋንዳ ራሷ በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ነበረች፤ የመንግሥቱ ተወካይ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ገለልተኛነትና የተዋጊዎች ስምምነት የሚሉት የሰላም ማስከበር ልማዶች እዚያ ላለው እውነታ ዐይን ጋረዱ ነው ክርክሩ።

11ኛ መልስ

እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አንተ ሆነ። አሥራ አንደኛው የቢሮክራሲ በሽታ የሚባለው ኃያላኑን ነጻ ማውጫ ነው አለ። በኦክቶበር 1993 ሞቃዲሾ ላይ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን በአፍሪካ ሌላ ተልእኮ መስማት አልፈለገችም፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እምቢታውን አስቀድመው ስላወቁ ነው ያላቀረቡት። ፋይል ገልብጦ ኃይልን የሚረሳ ንድፈ ሐሳብ ለጸሐፊዎች መጽናኛ ነው ሲል ተሳለቀ።

12ኛ መልስ

ስላቁን በስላቅ መለሰ። ጽሕፈት ቤቱ እምቢ ካለ ኃያላኑ ስላልፈለጉ ነው፣ እሺ ካለም ስለፈለጉ ነው የምትል ከሆነ ምን ቢታይ ትሸነፋለህ? ብሎ አፋጠጠው። ፈተናም አቀረበ። ታላቁ ሪያሊስት ኬኔት ዋልትስ በ1993 ጠላቱ የጠፋበት ኔቶ ብዙ ዓመት እንደማይቆይ ጽፎ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መጨረሻ 16 አባላት ነበሩት፤ ዛሬ 32 ናቸው። የተቋም ሊቃውንት ምክንያቱን ከመዋቅሩ ያወጣሉ፤ የተዋሐደ እዝ፣ አንድ ዓይነት የጥይት መለኪያ፣ የጋራ የመገናኛ ደንብ ለአንድ ጠላት ብቻ የተሠሩ አይደሉም፣ አፍርሶ እንደገና መሥራቱም ይከብዳል። አሥራ አንደኛው ተመልሶ፣ ኔቶ የቆየው አሜሪካ ስለፈለገችው ነው፣ ዋልትስም ኋላ ላይ ይህንኑ ብሏል አለ። ትንቢት ከከሸፈ በኋላ የመጣ ማብራሪያ እንደሆነ ግን አልካደም።

13ኛ መልስ

ሁላችሁም አንድ ቤት ውስጥ ናችሁ ብሎ ገባ። በሂሳዊው ንድፈ ሐሳብ ሰው በሮበርት ኮክስ ንባብ ጥያቄው ድርጅት ይሠራል ወይስ አይሠራም ሳይሆን ለማን ይሠራል ነው፤ የበላይነት በጉልበት ብቻ ሳይሆን በፈቃደኝነት ስለሚጸና፣ ድርጅቶች የበላዩን ደንብ የሁሉም ጥቅም አስመስለው ያቀርባሉ፣ ተቃዋሚ ሐሳብንም አላምጠው ይውጣሉ። በሜይ 1974 ጠቅላላ ጉባኤው ስለ አዲስ ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ሥርዓት ያወጣውን መግለጫ ጠቀሰ። እያንዳንዱ አገር እኩል ድምፅ ባለበት አዳራሽ ታዳጊ አገሮች አሸነፉ፤ የጉባኤው ውሳኔ ግን ምክር ነው። ገንዘቡ የሚወሰንበት አዳራሽ ሌላ ነው፣ እዚያ ድምፅ የሚለካው በድርሻ ነው። የቤቱን ካርታ ማን ሣለው የሚለውን ሊበራሉ አይጠይቅም፤ ሪያሊስቱ ደግሞ ካርታውን እንደ ተፈጥሮ ይወስደዋል። ቃሉ ጎርነን ያለ ነው፣ ነጥቡ ግን ለሁለቱም ወገን ደርሷል።

14ኛና 15ኛ መልስ

አሥራ አራተኛው ወደ ሁለተኛው እርማት ተመለሰ። በ1956 በስዊዝ ቀውስ፣ ግብፅን በወረሩበት ጊዜ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ በምክር ቤቱ ውስጥ ቬቷቸውን ተጠቀሙ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን በ1950 በወጣው ውሳኔ 377 መሠረት ወደ ጠቅላላ ጉባኤው አስቸኳይ ስብሰባ መራው፤ ጥሪው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ስለሆነ ሁለቱ ቢቃወሙም በ7 ድምፅ አለፈ። ጉባኤውም በቻርተሩ ውስጥ በስም የሌለ ነገር ፈጠረ፣ የታጠቀ የሰላም አስከባሪ ኃይል። ሁለት ኃያላን በደንብ ተረቱ ማለት ነው።

አሥራ አምስተኛው ወዲያው አቀዘቀዘው። ደንቡ የሠራው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአንድ ወገን ስለቆሙ ነው፤ ለንደንን ያንበረከካትም ፓውንድ ሲዋዥቅ ዋሽንግተን ከገንዘብ ድርጅቱ ብድር እንዳታገኝ መያዟ ነበር፤ ብድሩ የተለቀቀው ለመውጣት እሺ ካለች በኋላ ነው። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ያምራሉ፤ አንድ ቀውስ፣ ሁለት ድርጅት፣ አንዱ ኃያላንን ሲያስር ሌላው የኃያል እጅ ሲሆን።

16ኛ መልስ

የወኪልና የባለቤት ንድፈ ሐሳብ ተከታይ ነው። መንግሥታት ሥልጣን ያውሳሉ፣ ወኪሉም ቀስ በቀስ የራሱን መንገድ ይይዛል፣ ባለቤቱ ሊመልሰው ይሞክራል። የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካል 7 ዳኞች ነበሩት፤ አንድ ይግባኝ ለማየት 3 ያስፈልጋሉ፤ ሹመቱ በሁሉም ስምምነት ነው። አሜሪካ ዳኞቹ ያልተሰጣቸውን ደንብ ይፈጥራሉ ብላ ሹመት ስትከለክል፣ የሥራ ዘመናቸው ያለቀ ዳኞች ሳይተኩ ቀርተው በዲሴምበር 2019 አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተረታ አገር ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን አየር ላይ ሊያንጠለጥለው ይችላል። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው፤ በ1995 የውሳኔ አጸዳደቅ ተገልብጦ ተረቺው ብቻውን ሊያግደው እንዳይችል ተደርጎ ነበር፤ የዳኛ ሹመቱ ግን በአሮጌው ደንብ ቀረ። ማንም ያላሰበበት በር ነው።

17ኛ መልስ

ወደ ጠፈር ወሰደን። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከ1865 ጀምሮ አለ፤ ሁሉም አንድ ደንብ ቢኖር ይጠቀማል፣ የትኛው ደንብ ይሁን ሲባል ግን ይጣላል። ከምድር ወገብ በላይ ያለው የሳተላይት ምሕዋር ቀድሞ ለመጣ ሲሰጥ፣ ስምንት የምድር ወገብ አገሮች በ1976 ቦጎታ ላይ ምሕዋሩ የእኛ ነው ብለው አወጁ። ማንም አልተቀበላቸውም። ሁለት ሰዎች ስለ ሳተላይት ስፋት ሲጨቃጨቁ ጥቂት መስመር አለፈ፤ እሱን ዘልያለሁ።

18ኛ መልስ

የእሴት ለውጥ ምን ያህል እንደሚሄድ በአፍሪካ ኅብረት ለካው። የ1963ቱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጣልቃ አለመግባትን መሠረቱ አድርጎ ነበር፤ የኅብረቱ ማቋቋሚያ ሰነድ ግን በአንቀጽ 4(ሸ) በዘር ማጥፋት፣ በጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጣልቃ የመግባት መብት ሰጠ። በዲሴምበር 2015 የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ ለቡሩንዲ 5,000 ሰው ያለው ኃይል ፈቀደ፤ ቡሩንዲ አልቀበልም አለች፤ መሪዎቹ በጃንዋሪ 2016 ሲሰበሰቡ ያለ ፈቃዷ አንልክም አሉ። ኮንስትራክቲቪስቱ ለውጡ የቃል ብቻ አይደለም፣ ምክር ቤቱ እዚያ ድረስ ሄዷል ይላል፤ ሪያሊስቱ መጨረሻውን ያሳያል።

19ኛ መልስ

ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ ለሚይዙ ተማሪዎች ሥራ የሚያቀል ምክር ሰጠ። ከንድፈ ሐሳብ አትነሡ፤ የድርጅቱን ማቋቋሚያ ሰነድ ክፈቱና መጀመሪያ የድምፅ አሰጣጡን አንብቡ። ቀጥሎ ገንዘቡን፤ በግዴታ መዋጮ ነው ወይስ በፈቃድ? የዓለም ጤና ድርጅት ገቢ ውስጥ የግዴታው መዋጮ ለረጅም ጊዜ ከአንድ አምስተኛ በታች ነበር፤ ቀሪውን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደሚውል ራሱ ይወስናል። ሦስተኛ ጽሕፈት ቤቱ በራሱ አጀንዳ ማቅረብ ይችል እንደሆነ፤ መጨረሻ ላይ መውጫውን። ከዚያ እያንዳንዱ ንድፈ ሐሳብ ምን ይታያል ብሎ እንደሚጠብቅ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ክስተቱ ሂዱ። የወረቀት ደንብ ብቻውን እንዳያሳስታቸው ግን በ1964 የሆነውን ጨመረ። አንቀጽ 19 የሁለት ዓመት መዋጮ የከመረ አገር በጉባኤው ድምፅ አይኖረውም ይላል፤ ሶቪየት ኅብረት ለሰላም ማስከበር አልከፍልም ብላ ዕዳው ሲደርስባት አባላቱ ፍጥጫውን ፈርተው የዚያን ዓመት ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጡ በስምምነት ብቻ እየተመሩ አሳለፉት ማለት ይቻላል።

20ኛ መልስ

ጠያቂው ተመለሰ። ሪያሊዝም ብቻውን ይበቃል ያለውን አነሣ፤ መቼ ይበቃል የሚለውን ግን አልለቀቀም። የመንግሥታት ማኅበርን በተመለከተ መሳሳቱን አመነ፣ በሩዋንዳ ከአሥራ አንደኛው ጋር ቆመ፣ ስለ ንግድ ድርጅቱ ዳኞች የሚለው እንደሌለው ተናገረ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎት ነበር፤ ሁለተኛው መልስ 9 ድምፅ ያስፈልጋል ካለ፣ የ1956ቱ ጥሪ በ7 ድምፅ እንዴት አለፈ? አሥራ አራተኛው ቁጥሩን ፈጥሮታል ወይ?

21ኛ መልስ

አልፈጠረውም። እስከ 1965 ድረስ ምክር ቤቱ 11 አባላት ብቻ ነበሩት፣ ለማንኛውም ውሳኔ የሚበቃውም 7 ነበር። በ1963 የጸደቀው የቻርተር ማሻሻያ ሥራ ላይ ሲውል ተለዋጮቹ ከ6 ወደ 10፣ ድምፁም ከ7 ወደ 9 አደገ። ስለዚህ 7ቱ ልክ የሚበቃው ቁጥር ነው፤ ሁለት ተቃወሙ፣ ሁለት ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ብቻ ወደ ተዓቅቦ ቢዞር ኖሮ ጥሪው በምክር ቤቱ በኩል አያልፍም ነበር።